በቆሎ ወደ ዱባይ ይላካል ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግየት ብሎ ነው። ቢሆንም ከፊት ገጹ ጀምሬ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ሳላነብ አላስቀምጠውም።

በቅርቡ በባህል ገጻችሁ ላይ ስለ ጃፓኑ የአኒሜሽን ስቱዲዮ፣ ስለ ጂብሊ፣ አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የስቱዲዮው ፊልሞች ከሚገባቸው በላይ ተወድሰዋል ይላሉ። ፊልሞቹ ይንቀረፈፋሉ፣ የሚጠላ ክፉ ሰው የላቸውም፣ አድናቂውም የወደደው ታሪኩን ሳይሆን ሥዕሉን ነው ይላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ "ለልጆች ግን ጥሩ ነው" ብለው አለፉት። ብዕር ያስነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ለልጆች ጥሩ የሆነ ነገር መሥራት ቀላል ይመስል!

እኔ የፊልም ትምህርት የለኝም። ግን ለልጆች ፊልም ማሳየት እንጀራዬ ነበር። ከ1986 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ እዚሁ ሐዋሳ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር። መግቢያው መጀመሪያ 50 ሳንቲም ነበር፤ በኋላ 1 ብር ሆነ። የህንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ የተገኘውን ሁሉ አሳይቻለሁ።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ልጅ ሲሰለቸው አፉ አይናገርም። እግሩ ነው የሚናገረው። አግዳሚውን በተረከዙ መምታት ይጀምራል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። እኔ ከኋላ በሩ ጋ ቆሜ ፊልሙን የምመዝነው በእግር ድምፅ ነበር። ድብድብ ያለበት ቦታ ላይ ዝም ማለታቸውን እንደ ቁም ነገር አልቆጥረውም፤ በድብድብ ማንም ዝም ይላል። የምመዝነው ምንም በማይሆንበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን 63 ዓመቴ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ፎቶ ኮፒና የቀለም ሕትመት ነው የምሠራው።

ከዓመት ተኩል በፊት ልጄ ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ሄደች። የስምንት ዓመት ልጇን ለእኔና ለባለቤቴ ትታልን ነው የሄደችው። መናኸሪያ ስንሸኛት ትንሿ አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ "ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ ናት" አለ። እኔ ግን አልወደድኩትም። ለእናቷ ያላለቀሰች ልጅ እንባዋን የት አደረገችው? ከዚያ በኋላም እንዲሁ ነበረች። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ትተኛለች። ስለ እናቷ ግን አታነሳም።

ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ አምስት ስድስት ፊልም በፍላሽ ጭኖ ሰጠኝ። የጂብሊ ነው አለኝ። በሱቁ ላፕቶፕ ከፈትኩላት። የአማርኛ ትርጉም የለውም፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ እነግራታለሁ። ድሮም በቪዲዮ ቤቴ ሥራዬ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ያየነው "ማይ ኔበር ቶቶሮ" የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ፣ ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው የሃያኦ ሚያዛኪ ሥራ ነው። ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ይገባሉ። እናታቸው ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ጫካው ውስጥ ቶቶሮ የሚባል ትልቅ ጸጉራም ፍጡር አለ፤ ግን እሱም ቢሆን እናቲቱን አያድናትም። ከልጆቹ ጋር ይሆናል እንጂ። ሚያዛኪ ይህን ከሜዳ አላመጣውም። የገዛ እናቱ በልጅነቱ በአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት ታማበት ነበር።

ከሆስፒታል መጥፎ ወሬ ይመጣል። የእናት ወደ ቤት መመለስ ይዘገያል። ያን ጊዜ ትንሿ እህት ሜይ አንድ እሸት በቆሎ አቅፋ ለእናቷ ልታደርስ ብቻዋን መንገድ ትጀምራለች። ከጎረቤት አሮጊት ጓሮ የተቀጠፈ በቆሎ ነው፤ ይህን የበላ በሽተኛ ይድናል ብላ ሜይ አምናለች። ትጠፋለች። ሰፈሩ ሁሉ ይፈልጋታል። በመጨረሻ በቆሎው የሆስፒታሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ሽፋኑ ላይ "ለእናቴ" ተብሎ ተጽፎበታል።

የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዘወር አለች።

"አባባ፣ በቆሎ ወደ ዱባይ ይላካል ወይ?"

ነሐሴ ነበር። እሸት በቆሎ በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስበት ጊዜ። "እሸት ሳይደርስ ይበላሻል" አልኳት። ፊቷ ሲጨልም አየሁ። መላውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። "ደርቆ ተቆልቶ ይሄዳል" አለች። ለእረፍት መጥታ ወደ ዱባይ የምትመለስ አንዲት የሰፈር ልጅ ነበረች። በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ልንልክባት አሰናድተን ነበር። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ የበቆሎ ቆሎ ተጨመረ። የልጅ ልጄ ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ "ለእማዬ" ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው ፌስታል ላይ አልይዝ ብሏት ደጋግማ ጫነችው። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ነው እንባዋ የመጣው። ስምንት ወር ሙሉ የያዘችውን እንባ በዚያች ማታ ጨረሰችው። ባለቤቴም አብራት አለቀሰች፤ እኔም ወጣ አልኩ።

እንግዲህ ጸሐፊው "ይንቀረፈፋል" ያሉት ይህን ፊልም ነው።

ሲንቀረፈፍ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቦታ ላሳያቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ማታ በዝናብ አውቶብስ ፌርማታ ቆመው አባታቸውን ይጠብቃሉ። ትንሿ እንቅልፍ ያዳፋታል፤ ትልቋ አዘለቻት። ዝናብ ይወርዳል። ማንም አይናገርም። ቶቶሮ አጠገባቸው መጥቶ ይቆማል፤ ራሱ ላይ ያደረገው አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ልጅቷ የአባቷን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ከዛፉ የሚወርደው ጠብታ ጃንጥላው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሱ ድምፁን ወደደው። ዓይኑ ፈጠጠ። በቃ። እንደኔ ያለ ክረምት ለክረምት መናኸሪያ አጠገብ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው ሲጠበቅ ጊዜው እንደዚያ ነው የሚሄደው፤ ጠብታ በጠብታ። እኔ ከኋላ ቆሜ እግር አዳምጥ ነበር፤ የልጅ ልጄ እግር ወለሉን አልነካም።

ሚያዛኪ ስለዚህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2002 ለአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ለሮጀር ኢበርት ሲያስረዳ እጁን ሦስት አራቴ አጨበጨበ። በጭብጨባዎቹ መካከል ያለው ጊዜ "ማ" ይባላል አለው። ማለትም ባዶ የሚመስለው፣ ግን ሆን ተብሎ የተተወው ቦታ። ለእኛ ይህ ሊገርመን አይገባም። የገብርኤል ዕለት ወረብ ላይ ቆመን የምናዳምጥ ሰዎች ነን። ከበሮው አንዴ ተመትቶ እስኪደገም ያለችው ጊዜ ባትኖር ወረቡ ወረብ ይሆናል?

ቀጥለን ያየነው "ስፒሪትድ አዌይ"ን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። በበርሊን ወርቃማውን ድብ፣ በ2003 ደግሞ ኦስካር አግኝቷል። በጃፓን ለ19 ዓመት ያህል ከፍተኛ ገቢ ያስገባ ፊልም ሆኖ ቆይቷል። ሽልማቱን ልተወው። እኔ ቤት ምን እንዳደረገ ነው የምነግራችሁ።

ቺሂሮ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿን አጥታ በመናፍስት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሥራ ትቀጠራለች። አሠሪዋ ዩባባ የምትባል ጠንቋይ ናት። ውሉን ስታስፈርማት ስሟን ትወስድባታለች። ከስሟ ፊደል አንዱን ብቻ ትታላት "ሴን" ትላታለች። ሃኩ የሚባል ልጅ ስሟን ከረሳች ወደ ቤቷ መመለሻውን መንገድ እንደምታጣ ያስጠነቅቃታል።

እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። ልጄን ማዳሟ በስሟ አትጠራትም። ስሟ ለአፏ ከበዳት መሰል ሌላ አጭር ስም አወጣችላት። ልጄ ይህን በስልክ የነገረችን እየሳቀች ነው። ዓረብ አገር ሰው ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል፤ ብዙዎቹን ልጆቻችንን እንዲህ ነው የሚያደርጉአቸው። የልጅ ልጄ ያን ቀን ሳታስተውለው አልቀረችም። ከዚያ ወዲህ እናቷ በኢሞ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቃት አንድ ነገር ነው። "ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ።" ልጄም ስሟን ከእኔ ስም ጋር ትናገራለች። በየሳምንቱ። እኔ ከጎን ሆኜ እሰማለሁ። ይህን ያደረገ ፊልም ከሚገባው በላይ ተወደሰ ሲባል ዝም ብዬ ልለፈው?

በዚያው ፊልም ሃኩ ለቺሂሮ የሩዝ ድብልብል ያቀርብላታል። እየበላች እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ትልልቅ እንባ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "እስቲ እህል ቅመሽ" ያለ ሰው ሁሉ ይህን አይቶታል። ኀዘንተኛው የሚያለቅሰው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲውጥ ነው። ይህን የሣለ ሰው ሰው ሲበላ አይቶ ነው የሣለው።

ሌላም አለ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚገማ፣ ጭቃ የሆነ መንፈስ ይመጣል። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። ቺሂሮ ጎኑ ላይ የተሰካ ነገር ታገኛለች። በገመድ ሲጎትቱት ብስክሌት ነው። ከብስክሌቱ ኋላ የቆሻሻ ክምር ይከተላል። ለካ ያ መንፈስ ንጹሕ የወንዝ መንፈስ ኖሯል። ሚያዛኪ ይህን ያመጣው ከሕይወቱ ነው፤ ወንዝ ሲያጸዱ ከጭቃው ብስክሌት ጎትተው አውጥተዋል። በሳምንቱ ልጅቷን ይዤ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድን። አንድ አጥማጅ መረቡን ያራግፋል። ከቆሮሶ ዓሣው ጋር ፌስታል ወጣ፣ የውሃ ላስቲክ ወጣ፣ አንድ የልጅ ጫማ ወጣ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ሁሉንም ቆማ አየች። ከዚያ አጥማጁን "ብስክሌቱስ?" አለችው። ሰውዬው ግራ ገባው። እኔ ግን ገብቶኛል።

"ክፉ ሰው የላቸውም" ስለሚለው ብዙ አልልም። እኔ "አክተሩ አይሞትም" እያሉ የሚጮሁ ልጆች መካከል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክፉው ሲደበደብ ልጅ እንዴት እንደሚደሰት አውቃለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን "ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ"ን ይመልከቱ። እመቤት ኤቦሺ ደኑን ትጨፈጭፋለች፤ ብረት ታቀልጣለች። በዚያው እጇ ከሴተኛ አዳሪ ቤት የገዛቻቸውን ሴቶች ነጻ አውጥታ ሥራ ሰጥታቸዋለች። ማንም የማይነካቸውን የሥጋ ደዌ በሽተኞች ቤቷ አስገብታ ቁስላቸውን በእጇ ታጥባለች። እንግዲህ ጥሉአት ወይስ ውደዱአት? እኛ አገር ዛፍ የሚቆርጠው ማን ነው? ከሰል ሸጣ ልጅ የምታስተምር እናት አይደለችም? ክፉ ሰው ስለጠፋ አይደለም፤ ክፉውን በአንድ ሰው ራስ ላይ ማሳረፍ ስላልፈለጉ ነው።

ስለ ሥዕሉ ግን ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ላይ ቻትጂፒቲ ፎቶን "በጂብሊ ስታይል" መቀየር ሲጀምር ሱቄ በወጣቶች ተሞላ። የሙሽራ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የልደት ፎቶ። በስልካቸው ቀይረው ይመጣሉ፤ እኔ በከለር አትምላቸዋለሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሁሉም ፊት አንድ ሆነብኝ። ያው ዓይን፣ ያው ጉንጭ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ አንዱንም ፊልም አላዩም፤ ጠይቄአቸዋለሁ። ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን አድናቆት ከሆነ የሚነቅፉት፣ አብሬአቸው ነኝ። ግን ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። "ዘ ዊንድ ራይዝስ" በሚባለው ፊልም ውስጥ አራት ሰከንድ ብቻ የምትቆይ የሕዝብ ግርግር አለች። ኤይጂ ያማሞሪ የሚባል ሠዓሊ ያቺን አራት ሰከንድ ለመሣል አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶበታል። እኔ በከለር ፕሪንተር አንድ ገጽ የማትመው ከአራት ሰከንድ ብዙ ባልዘለለ ጊዜ ነው።

የዚህን ፊልም ስም ካነሳሁ የሚከብደኝ ጋ ደርሻለሁ። ጸሐፊው ጂብሊን መተቸት ከፈለጉ ይህን ባነሱት ኖሮ እኔም መልስ ባጠረኝ ነበር።

አባቴ የሲዳሞ ዘማች ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር ወደ ገናሌ ዶሪያ ወንዝ ወረደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔን የወለደኝ ሸምግሎ ነው። ዘመቻውን ሲያጫውተን የአውሮፕላኑን ድምፅ በአፉ ነበር የሚያሰማን። ከንፈሩን ገጥሞ ከጉሮሮው "ኡውውውም" ይላል። መጀመሪያ ከሩቅ። ከዚያ እያቀረበ፣ እያቀረበ። ከዚያ ድንገት ዝም። ያቺን ዝምታ ነበር እኛ ልጆቹ የምንፈራት። ምን እንደወደቀ በዝርዝር ነግሮን አያውቅም። ጣሊያን በዚያ ግንባር ቦምብም የመርዝ ጋዝም እንደጣለ በኋላ ነው ያነበብኩት። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ሳይቀር ተደብድቧል። በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያን ከደበደቡት የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ዋና ዋናዎቹ የካፕሮኒ ፋብሪካ ሥራ ነበሩ።

አሁን ወደ ፊልሙ። "ዘ ዊንድ ራይዝስ" እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ዚሮ የተባለውን የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ስለነደፈው ስለ ጂሮ ሆሪኮሺ ነው። ጂሮ ከልጅነቱ ጀምሮ በሕልሙ አንድ መምህር አለው። መምህሩ ማን መሰላችሁ? ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካፕሮኒ። ጢሙን አሹሎ፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ እየሳቀ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ይራመዳል። ደግ አጎት አድርገው ነው የሣሉት።

ይህን ችዬ ቀጠልኩ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁን ሰማሁት። የማሽን ድምፅ አይደለም፤ የሰው አፍ ነው። ሚያዛኪ በዚህ ፊልም የሞተሩንም የምድር መንቀጥቀጡንም ድምፅ በሰው ድምፅ ነው ያሠራው። አባቴ ነው። ከሞተ 30 ዓመት ያለፈው አባቴ ከላፕቶፕ ውስጥ "ኡውውውም" አለ። ዘጋሁት። የዚያን ማታ ራት አልበላሁም።

የባሰው ደግሞ ስሙ ነው። "ጂብሊ" ማለት ከሊቢያ በረሃ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ ነው። ጣሊያኖች ስሙን ለአንድ አውሮፕላን አወጡለት፤ ለካፕሮኒ 309። አውሮፕላን የሚወደው ሚያዛኪ ከዚያ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለስቱዲዮው ሰጠው። በጃፓን አኒሜሽን ላይ አዲስ ነፋስ እናስነሳለን ብለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ስሙ የመጣው ቅኝ ግዛት ላይ ከበረረ አውሮፕላን ነው፤ ይህን ያወቅሁ ዕለት ፍላሹን ለእህቴ ልጅ ልመልስለት አስቤ ነበር።

በአራተኛው ቀን ብቻዬን ሆኜ ጨረስኩት። ሚያዛኪ አልዋሸም። ፊልሙ የሚያልቀው በተሰባበሩ አውሮፕላኖች ክምር ነው፤ ከሄዱት አንዱም አልተመለሰም። የሚያዛኪ አባት በጦርነቱ ጊዜ የዚሮ አውሮፕላን መሪ ክፍል የሚሠራ ፋብሪካ ያስተዳድር ነበር። ስለዚህ ሰውዬው የሌላውን አይደለም፣ የገዛ ቤቱን ገመና ነው አደባባይ ያወጣው። ለዚህ አከብረዋለሁ። ግን አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ ከአውሮፕላኑ ሥር የነበረው ሰው የለም። ገናሌ ዶሪያ ላይ ወደ ላይ አንጋጦ ያየው የ19 ዓመት ልጅ የለም። ካፕሮኒ ሲስቅ ያ ልጅ የት እንደነበረ ፊልሙ አይጠይቅም። ይህ ዕዳ ነው እላለሁ፤ የፊልሙ ውበትም አይከፍለውም።

ታዲያ ለምን አሁንም ዝናው ይገባቸዋል እላለሁ? ከሥር የነበረውን ሰው ሌላኛው መሥራች አሳይቶታልና ነው። ኢሳኦ ታካሃታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1945 ከኦካያማ የአየር ድብደባ የተረፈ ሰው ነው። "ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ" የእሱ ሥራ ነው። ኮቤ ከተማ በእሳት ቦምብ ትነዳለች። ሴይታ የሚባል ልጅ ትንሿን እህቱን ሴትሱኮን ይዞ ይቀራል። አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አላት። ከረሜላው አለቀ። ወንድሟ ቆርቆሮው ውስጥ ውሃ ጨምሮ ያጥበውና ያንን ጣፋጭ ውሃ ያጠጣታል። እሷ ከዚያ ውሃ ውስጥ የወይኑንም የእንጆሪውንም ጣዕም ትቆጥራለች። ከዚህ በላይ አልተርክም። ይህን ለልጅ ልጄ አላሳየኋትም፤ እስክታድግ ፍላሹ ላይ ይቆያል። እኔ ግን ሳየው አባቴ በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን ይዞ እንደኖረ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። ስለ ጃፓን በተሠራ ሥዕል!

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ይህ ፊልምና ቶቶሮ ሲኒማ ቤት የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ ትኬት። ተመልካቹ በአንድ ቁጭታ በቆሎውንም ቆርቆሮውንም አይቶ ወጣ ማለት ነው። ጸሐፊው "ለልጆች ጥሩ ነው" ያሉት ስቱዲዮ ይህን ያደረገ ነው። ሁለቱንም የያዘ ሌላ ስቱዲዮ ካለ ይንገሩኝ፤ ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።

ሁሉም ፊልማቸው እኩል ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው "ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ" ላይ ግማሽ ሳይደርስ እግሮች አግዳሚውን መቱ። በ2020 በኮምፒውተር የሠሩትን "ኢርዊግ ኤንድ ዘ ዊች"ን ደግሞ ልጆቹ አላስጨረሱኝም። ልክ ነበሩ።

ልጆቹ ያልኳችሁ የሰፈራችንን ነው። ከስድስቱ አግዳሚ ሁለቱ ሳይሸጡ ተርፈውኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ በረንዳ ላይ እዘረጋቸዋለሁ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ልጅ ይሰበሰባል። እኔ አነባለሁ፤ የልጅ ልጄ አሁን ብዙውን በቃሏ ስለያዘችው ስሳሳት ታርመኛለች። ገንዘብ አልቀበልም። መብራት ከጠፋ የቀረውን በአፍ እንተርከዋለን።

ወንድሜ ጸሐፊው ወደ ሐዋሳ ብቅ ካሉ አድራሻዬ ከዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። ምሳ አሞራ ገደል ዓሣ እጋብዛቸዋለሁ። ከዚያ ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ከእኔ ጋር ይቁሙ። ፊልሙን ባያዩትም ግድ የለም፤ እግሮቹን ያዳምጡ። የሚመጣው ቅዳሜ ቶቶሮ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ናቸው የመረጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የቪዲዮ ቤት ባለቤት፣ ከሐዋሳ